ወደ ሰቆጣ መንገዱ ሰላም ነው?

"ሰቆጣ መሄድ ይቻላል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። የኤምባሲዎች የጉዞ ማስጠንቀቂያ ክልሉን በሙሉ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። የዋግ ልጅ ግን "መቼ? በየት በኩል? ከማን ጋር?" ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ የሚል መልስ ስንት ነገር እንደሚደብቅ አውቃለሁ። ታሪኩም ከዋግ ልጅ ጋር ነው።

መጀመሪያ፣ ለምን ይኬዳል? ከሰቆጣ ትንሽ ወጣ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ ፊቱ በቅርጽ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን። እዚያው የጥንት የዋግ ሹማምንት ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች ይታያሉ። በትውፊት እንደሚነገረው የዛጉዌ ዘር ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ ዋግን ይዞ ቀረ፤ "ዋግሹም" የሚለው ማዕረግም ከዚያ ይቆጠራል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1863 ዓ.ም በካሳ ምርጫ ተሸንፎ ዙፋኑን አጣ። ሰቆጣ የታሪክ ዳር አይደለችም ማለት ነው።

ፍርሃቱም አዲስ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን ከመጣው መልእክተኛ ቡድን ጋር ነበር። ላሊበላን አይቶ ሲጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰጋ፤ የጻፍኩት እውነት ነው ብሎም በእግዚአብሔር ማለ። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። የቡድኑን ዕቃ በንጉሡ ትእዛዝ ባላገሩ ከመንደር መንደር ይሸከም ነበር። በአንጎት በኩል ሲያልፉ በድንጋይ ተመቱ። እንግዳው የንጉሥ ትእዛዝ ይዟል፤ ባላገሩ ደግሞ ሸክሙን ይዟል። አደጋው ከመንገዱ ብቻ አልመጣም፤ መንገደኛው መንደሩ ላይ ከጫነውም ነው እንጂ።

ይህን ወደ ዛሬ አምጡት። ሰቆጣ በነሐሴ 2013 በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ስልክ፣ ባንክና መንገድ የሌለበት ኑሮ ቆየ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሕዝብም ዋግ ውስጥ ተጠለለ። በሐምሌ 2015 ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛ "ሰላም ነው?" ብለን የምንጠይቀው ለሦስት ቀን ጉብኝት ነው። እዚያ ያለው ሰው ግን ያንኑ መንገድ ለገበያ፣ ለሐኪም፣ ለልጁ ፈተና ይሄድበታል፤ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣለት ኤምባሲም የለውም።

ስለዚህ "ሂዱ" አልልም፤ "አትሂዱ"ም አልልም። የምለው ጥያቄው ይለወጥ ነው። ችግር ቢፈጠር የሚያሳድረኝ ማነው? እኔን በማሳደሩ እሱ ላይ ምን ይመጣበታል? መንገድ ሲዘጋ የምበላው ከማን ጎተራ ነው? መልሱ ካስተናጋጃችሁ ካልመጣ ጉዞው ይቆይ። ውቅሮ ብዙ ዘመን ቆሟል፤ አንድ ክረምት ቢጨምር አይከፋውም። እስከዚያው ግን የሰቆጣን ሰው ደውላችሁ "መንገዱስ?" ከማለታችሁ በፊት "እናንተስ እንዴት ናችሁ?" በሉት።