የቴሌቪዥን ጥበብና የመሐንዲስ አደራ

ሰዓሊ በየዘመኑ የሚሠራው ዘመኑ ባቀረበለት መሣሪያ ነው። ቀለም ከዕፅዋትና ከማዕድን በሚቀመምበት ዘመን ብራናና ግድግዳ የሥዕል ማረፊያ ሆነው ኖረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ፎቶግራፍ ሲፈለሰፍ፣ መልክን እንዳለ የመቅዳቱ ሥራ ከሰዓሊው ትከሻ በከፊል ወረደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ በተራው ወደ ሠዓሊው ቤት ገባ። ይህን አዲስ መሣሪያ የጥበብ መሣሪያ በማድረግ ስማቸው ከሚጠራ ሰዎች መካከል ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1932 በሴኡል ከተማ የተወለደው ናም ጁን ፓይክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓይክ በ1956 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ሙዚቃ ለማጥናት ወደ ጀርመን አገር ሄደ። በ1963 በቩፐርታል ከተማ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን፣ የውስጥ ሽቦአቸው ተለውጦ ምስላቸው የተዛባ ቴሌቪዥኖችን ለሕዝብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ከማሠራጫ ጣቢያ የተላከለትን ብቻ የሚያሳይ ሣጥን ነበር፤ ተመልካቹም ከመቀበል በቀር ሌላ ድርሻ አልነበረውም። ፓይክ ግን ሣጥኑን ከፍቶ ምስሉን በራሱ እጅ ሊለውጠው እንደሚችል አሳየ።

ሥራው ምን ያህል በፊዚክስ ላይ የተመሠረተ እንደ ነበረ ለመረዳት የአሮጌውን ቴሌቪዥን አሠራር ማስታወስ ይበቃል። በካቶድ ጨረር ቱቦ ውስጥ ከጋለ ካቶድ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በፎስፎር የተቀባውን የመስተዋት ገጽ ሲመቱ ብርሃን ይፈጠራል። ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይም ወደ ታች የሚመራው በቱቦው አንገት ዙሪያ ያለው የሽቦ ጥቅል የሚያመነጨው የማግኔት ኀይል ነው። በ1965 ፓይክ በአንድ ቴሌቪዥን አናት ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትልቅ ማግኔት ሲያስቀምጥ፣ ጨረሩ ከመንገዱ ወጥቶ በመስተዋቱ ላይ የተጠማዘዘ የብርሃን ቅርጽ ሣለ። ማግኔቱ ሲንቀሳቀስም ቅርጹ አብሮ ይለዋወጥ ነበር። ለቴሌቪዥን ጠጋኝ ብልሽት የሆነው ነገር ለሰዓሊው መስመር ሆነ።

ይሁን እንጂ ፓይክ ይህን መንገድ ብቻውን አልተጓዘም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሹያ አቤ በ1964 የሚራመድ ሮቦት አብሮት ሠራ። ቀጥሎም ሁለቱ የቴሌቪዥን ምስልን በቀለምና በቅርጽ እንደ ልብ የሚለዋውጥ መሣሪያ ገነቡ፤ ይህም መሣሪያ በ1970 በቦስተን ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሁለቱም ስም ነው። ሰዓሊው ያለ መሐንዲሱ ሐሳቡን ወደ ሥራ ሊለውጠው አይችልም ነበር፤ መሐንዲሱም ያለ ሰዓሊው እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት ምክንያት አያገኝም ነበር።

የዚህ ጥበብ ታላቅነትም ችግሩም አብረው የታዩት በደቡብ ኮሪያ ነው። የሴኡል ኦሊምፒክ በተካሄደበት በ1988 ፓይክ በጓቾን በሚገኘው ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ 18.5 ሜትር ቁመት ያለው የቴሌቪዥን ግንብ አቆመ። የሞኒተሮቹ ቁጥር 1003 ሲሆን፣ ይኸውም የአገሪቱ የምሥረታ በዓል የሚከበርበትን ጥቅምት 3 ቀን፣ ማለትም የ10ኛውን ወር 3ኛ ቀን፣ የሚያመለክት ነው።

ነገር ግን የካቶድ ጨረር ቱቦ እንደ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ካቶዱ በሠራ ቁጥር ይደክማል፤ ፎስፎሩ ይደበዝዛል፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹም ይደርቃሉ። ሞኒተሮቹ በ2003 በአዲስ ተተክተው ነበር። ፓይክ በ2006 ዐረፈ። ከዚያም ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ጠፍጣፋው መስተዋት ስላዞሩ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በ2018 በተደረገ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ምርመራ ምክንያት ግንቡ እንዲጠፋ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቱቦዎቹ ሁሉ በአዲስ ዓይነት መስተዋት ቢተኩ ግንቡ ለረጅም ጊዜ ይበራል፤ ነገር ግን የቱቦው ጉብ ያለ ፊትና ለስላሳ ብርሃን ይቀራል። አሮጌዎቹ ቱቦዎች ብቻ ይቆዩ ቢባል ደግሞ ግንቡ ከጊዜ ብዛት ጨለማ ሐውልት ይሆናል። ሙዚየሙ በ2019 መካከለኛውን መንገድ መረጠ። ከሞኒተሮቹ 737ቱ ያገለገሉ ዕቃዎች እየተፈለጉ ተጠገኑ ወይም ተተኩ፤ በላይኛው ክፍል የነበሩት 266 ትንንሽ ሞኒተሮች ግን የውጭ ቅርጻቸው ሳይለወጥ በውስጣቸው ጠፍጣፋ መስተዋት ገባላቸው። ግንቡ በመስከረም ወር 2022 እንደ ገና በራ። የቱቦዎቹ ዕድሜ እንዲረዝምም የሚበራበት ጊዜ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል ደረቅ ቦታና ጠንቃቃ እጅ ካገኘ ብዙ መቶ ዓመታት ይሻገራል። የቴሌቪዥኑ ግንብ ግን ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሐኪም አስፈለገው፤ ሐኪሙም ወረዳውን የሚያውቅ መሐንዲስና ጠጋኝ ነበር። እንግዲህ አዲሱ ቴክኖሎጂ ለሥነ ጥበብ ያመጣው ለውጥ አዲስ መልክና አዲስ ቀለም ብቻ አይደለም። ጥበብ የማሽኑን ኀይል ሲቀበል ሟችነቱንም አብሮ ተቀብሏል። ስለዚህ የሽቦው ንድፍ ከሥራው ጋር ካልተቀመጠ፣ መለዋወጫው በጊዜው ካልተከማቸ፣ አሮጌውን ቱቦ መጠገን የሚያውቅ እጅም ተተኪ ካላፈራ፣ የዚህ ዘመን ጥበብ ብዙው ክፍል ለልጅ ልጅ የሚደርሰው በፎቶግራፍና በወሬ ብቻ ይሆናል። ሰዓሊው ሥራውን ፈርሞ ያልፋል፤ ብርሃኑ እንዳይጠፋ የመጠበቁ አደራ ግን በመሐንዲሱ እጅ ይቀራል።