ከጋራዥ እስከ ባተርስት፦ ዊን ፐርሲ እና የተራ መኪና ሻምፒዮና

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ሱማሌ ተራ የሚወስዱት መንገዶች የአዲስ አበባ አሮጌ መኪኖች ዳግም ነፍስ የሚዘሩባቸው ናቸው። የመለዋወጫ ሱቆቹ በር ላይ ፓራውልት ይደረደራል፤ ግድግዳው ላይ ማርሚታ ይንጠለጠላል፤ ወለሉ ላይ ከነዘይቱ የወረደ ካምቢዮ ይጋደማል። ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ ብዙዎቹ የቶዮታ ኮሮላ ናቸው። ዲኤክስ እየተባለ ቤተሰብ ያመላለሰው፣ ታክሲ ሆኖ ያደረ፣ ስንትና ስንት ጊዜ ሞተሩ ወርዶ የተነሣው ኮሮላ በዚህ ሰፈር የማያውቀው መካኒክ የለም። ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1982 የብሪታንያ የመኪና እሽቅድድም ሻምፒዮና ዋንጫ ያነሣ መኪና መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም። ያን ዓመት መሪውን የጨበጠው ሰው ዊን ፐርሲ ይባላል።

የሞተር ስፖርት ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በፎርሙላ ዋን በኩል ነው። ይህ አካሄድ ትልቅ ነገር ያስቀራል። የፎርሙላ ዋን መኪና ከውድድሩ ሜዳ ውጪ ሕይወት የለውም፤ ማንም ገዝቶ ቤቱ አያስገባውም፤ ማንም መካኒክ ሰፈር ውስጥ አይፈታውም። በእንግሊዝኛው ቱሪንግ ካር የሚባለው የውድድር ዓይነት ግን የሚነሣው ለሕዝብ ከሚሸጥ መኪና ነው። ለምሳሌ በ1980ዎቹ የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ማኅበር ባወጣው የግሩፕ ኤ ደንብ መሠረት፣ አንድ መኪና ለውድድር እንዲፈቀድለት በ12 ተከታታይ ወራት ቢያንስ 5,000 መመረት ነበረበት። ስለዚህ በዚህ መስክ የኖረ ሹፌር ታሪክ፣ ሰው በየቀኑ ከሚያሽከረክረው መኪና ታሪክ ጋር አንድ ላይ ይነበባል። መኪና የቅንጦት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሣሪያ በሆነበት አገር፣ የፐርሲን ሥራ ከማንኛውም የፎርሙላ ዋን ኮከብ ሕይወት አስበልጦ ማጥናት ይገባል።

ለነገሩ መኪና ወደ አዲስ አበባ ራሱ የገባው በእሽቅድድም መልክ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሊ መኪና፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በናከ መኪና፣ እያንዳንዳቸው ቀድመው ምኒልክ ዘንድ ለመድረስ ገሠገሡ። ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና ቀሪው ጉዞ በረሃና ዳገት ነበር። ቤንትሊ ቀደመ።

ፐርሲ እ.ኤ.አ. በ1943 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ቶልፐድል በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ የምትታወቀው በሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ነው፤ በ1834 ማኅበር መሥርተው በመማማላቸው የተፈረደባቸው 6 የእርሻ ሠራተኞች ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት ከዚህች መንደር ነው። ፐርሲም ከአንድ መቶ ተኩል ዓመት በኋላ ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል፤ እርሱ የሚሄደው ግን ተፈልጎ ነው። የሚተዳደረው በጋራዥ ሥራ ነበር። እሽቅድድምን በ1960ዎቹ በፎርድ አንግሊያ ጀመረ፤ በ1974 በዳትሰን 240ዜድ ስሙ መነሣት ያዘ፤ ከ1975 ጀምሮ በቶዮታ ሴሊካ በብሪታንያ ሻምፒዮና ተሰለፈ። ዋናው ድል የመጣለት ወደ 40 ዓመቱ ሲጠጋ ነው። ዛሬ የእሽቅድድም ሹፌር በልጅነቱ ካርት ላይ ወጥቶ፣ በ20 ዓመቱ ውል ካልፈረመ አበቃለት በሚባልበት ዘመን ይህ ዕድሜ ሊሰመርበት ይገባል።

ፐርሲ ከ1980 እስከ 1982 ያነሣቸውን ሦስት ዋንጫዎች ለመረዳት የውድድሩን ደንብ ማወቅ ግድ ነው። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ሻምፒዮና መኪኖች ሁሉ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰዓት ይነሣሉ፤ ነጥብ የሚያዘው ግን በሞተር ይዘት መደብ ነው፤ ልክ የቡጢ ተፋላሚዎች በክብደት እንደሚመደቡት። በ1,300 ሲሲ መደብ አንደኛ የወጣ ሹፌር፣ ባለ 3 ሊትር ፎርድ ካፕሪ ይዞ ከሁሉም ቀድሞ የገባው የሚያገኘውን ያህል ነጥብ ያገኛል። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ፣ የመኪናው መጠን ሳይጠየቅ፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ይባላል። በርናርድ ዩኔት በ1974፣ በ1976 እና በ1977 በአቬንጀር፣ ሪቻርድ ሎንግማን ደግሞ በ1978 እና በ1979 በሚኒ ዋንጫውን የወሰዱት በዚሁ ደንብ ነው።

ፐርሲ በ1980 እና በ1981 የነዳው ማዝዳ አርኤክስ 7 ነበር፤ ቡድኑ የስኮትላንዱ ቶም ዎኪንሾው ነው። መኪናው ፒስተን የለውም፤ በሚሽከረከር ሮተር የሚሠራ ቫንክል ሞተር ነው የተሸከመው። የሞተሩ ይዘት 1,146 ሲሲ ነበር። የውድድር ደንቡ እንዲህ ያለውን ሞተር በእጥፍ ይቆጥረዋልና 2,292 ሆኖ ከ2,300 መደብ ጣሪያ ሥር ለጥቂት ገባ። ዎኪንሾው የደንብ መጽሐፍ ገልጦ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው ነበር፤ ያች የ8 ሲሲ ክፍተትም ሁለት ዋንጫ አስገኘች። በ1982 ፐርሲ ወደ ቶዮታ ተመልሶ በ1,600 ሲሲ ኮሮላ ሦስተኛውን ጨመረ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ፐርሲ በነዚያ ዓመታት ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሮቨሮችና ካፕሪዎች እየገቡ ሻምፒዮን ሆነ፤ ታዲያ የመደብ ድል እውነተኛ ድል ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በሒሳቡ ውስጥ አለ። የመደብ ሻምፒዮን የሚወዳደረው አብሮት መደቡ ውስጥ ካለው ሹፌር ጋር ብቻ አይደለም፤ በሌሎቹ መደቦች ውስጥ በየውድድሩ አንደኛ ከሚወጡት ሁሉ ጋር ነው። አንድ ቀን ፍሪሲዮን ቢቃጠልበት፣ አንድ ጎማ ቢፈነዳበት፣ ሌላ መደብ ውስጥ ያለና ፈጽሞ ፊት ለፊት ያላገኘው ሰው ዋንጫውን ይወስድበታል። ስለዚህ ይህ ደንብ የሚሸልመው መኪናውን ሳይገድል እስከ መጨረሻው መስመር የሚያደርሰውን ሹፌር ነው። ማርሽ ሲያስገባ የካምቢዮውን ጥርስ፣ ሲቆም የፍሬኑን ሙቀት፣ ሲጠመዘዝ የጎማውን ድካም የሚሰማ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ጆሮ ከጋራዥ የሚወጣ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በሁለት ፍጹም የተለያዩ መኪኖች ሻምፒዮን መሆን በዕድል አይገለጽም።

ማስረጃው ደግሞ ከመደቡ ይልቅ ከሁሉም ቀድሞ መግባት በሚቆጠርባቸው ረጅም ውድድሮች ላይ መጣ። በ1984 ቤልጅየም ውስጥ በስፓ የ24 ሰዓት ውድድር፣ ፐርሲ ከዎኪንሾውና ከጀርመናዊው ሃንስ ሃየር ጋር በጃጓር ኤክስጄኤስ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ኤክስጄኤስ ለምቾት የተሠራ ከባድ መኪና ነው፤ 12 ሲሊንደር፣ 5.3 ሊትር ሞተር ይዞ ቀንና ሌሊት በአርዴን ጫካ ዳገትና ቁልቁለት መንዳት ጎማና ፍሬን ይበላል። በተከታዩ ዓመት በአውስትራሊያው ባተርስት ፐርሲና ዎኪንሾው በዚያው ዓይነት መኪና ሦስተኛ ወጡ። በ1986 በሮቨር ቪቴስ የአውሮፓን ሻምፒዮና እስከ መጨረሻው ተፎካክሮ በጣሊያናዊው ሮቤርቶ ራቫሊያ ለጥቂት ተቀደመ።

ከዚያ የፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር ለ ማን መጣ። በ1987 ዎኪንሾው ጃጓር ኤክስጄአር 8 የተባሉ የስፖርት መኪኖችን አሰለፈ፤ ባለ 7 ሊትር ሞተር፣ በቶኒ ሳውዝጌት የተነደፈ፣ ገላው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ። የሜዳው አካል የሆነው የሙልሳን ቀጥታ መንገድ ያኔ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ መሐሉ ላይ ፍጥነት መቀነሻ መታጠፊያ የሌለው ነበር። ሌሊት ፐርሲ ከ320 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እየበረረ ሳለ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ከመሬት ተነቀለ፤ ወርዶ ተገለባበጠ፤ ብትንትኑ ወጥቶ ሲቆም የቀረው ሹፌሩ የተቀመጠበት ቅርፊት ነበር። ፐርሲ በእግሩ ወጣ። ለዚህ መትረፍ ምስጋናው ለካርቦን ፋይበሩ ነው፤ በአሉሚኒየም ገላ ዘመን እንዲህ ያለ አደጋ ሰው ይቀብር ነበር። በሙልሳን ላይ ፍጥነት መቀነሻ መታጠፊያዎች የተሠሩት ግን በ1990 ነው፤ ከዚያ አደጋ ሦስት ዓመት በኋላ። ያን ያህል መዘግየቱ ዛሬም ለአዘጋጆቹ የሚያስመሰግን አይደለም።

በዚያው በ1990 ፐርሲ አውስትራሊያ ነበር። ሆልደን ሬሲንግ ቲም የተባለው አዲስ ቡድን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ጠርቶት ነበር፤ እርሱም መንዳቱን አልተወም። የባተርስት 1,000 ኪሎ ሜትር በአውስትራሊያ የመኪና ወዳጆች ዘንድ እንደ በዓል የሚጠበቅ ውድድር ነው፤ ማውንት ፓኖራማ የተባለውን ኮረብታ 161 ጊዜ ይዞራሉ፤ አንዱ ዙር 6.2 ኪሎ ሜትር ነው። የዘመኑ አስፈሪ መኪና ቱርቦ የተገጠመለት ፎርድ ሴራ ነበር፤ ኒሳንም አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሰውን ስካይላይን ጂቲአር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባተርስት አመጣ። ሆልደን የያዘው ቱርቦ የሌለው፣ 5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር ኮሞዶር ነው፤ ቴክኖሎጂው ከተፎካካሪዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ። ፐርሲ ይህን ያውቃል። ያደረገው ነገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በትንሽ መኪና የተማረውን መድገም ነው፦ በማይሰበር ፍጥነት ሳያቋርጡ መንዳት። ፈጣኖቹ አንድ በአንድ ሲጎዱ፣ እርሱና አብሮት የነዳው አለን ግራይስ አንደኛ ሆነው ገቡ። ፐርሲ 47 ዓመቱ ነበር።

ኮሮላ ደግሞ ያለ ፐርሲም ድሉን ቀጥሏል፤ ክሪስ ሆጀትስ በ1986 እና በ1987 በዚያው ስም በሚጠራ መኪና የብሪታንያን ሻምፒዮና ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ይህ ግን የፐርሲ ድል የመኪናው ነበር የሚል ትርጉም ሊሰጠው አይገባም። ኮሮላ ለማሸነፍ የበቃው ደንቡ ለትንሽ መኪና ቦታ ስለተወ፣ መኪናው ስለማይሰበርና የነዱት ሰዎች ይህን ጠባዩን ስላወቁበት ነው። ሦስቱም ካልተገናኙ ዋንጫ አይገኝም። በእኛም ከተማ ኮሮላ ዘመን የተሻገረው በሁለተኛው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የሚፈታውና የሚገጥመው እጅ ባይኖር ኖሮ ጥንካሬው ብቻውን አያቆየውም ነበር። የሱማሌ ተራና የተክለ ሃይማኖት መካኒኮች ይህን እውቀት ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ እስካሁንም የሚተላለፈው በአብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ቢጠይቋቸው የሚያገኙት ብዙ ነው።

የመደብ ነጥብ በ1990 አበቃ። ከ1991 ጀምሮ የብሪታንያ ሻምፒዮና ባለ 2 ሊትር መኪኖች ብቻ ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ሆነ፤ ቴሌቪዥንም ወደደው፤ ፋብሪካዎችም ገንዘባቸውን አፈሰሱበት። ባለ 1,600 ሲሲ መኪና ይዞ የአገር ሻምፒዮን የሚባልበት በር ግን በዚያው ተዘጋ።