የግማሽ ድምፅ ታሪክ

ሙዚቃ የሰው ልጅ ደስታውንና ኀዘኑን የሚገልጥበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ የጦርነትና የመንግሥት ታሪክ በሚነገርበት ሥፍራ ሁሉ የዜማም ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ይኸውም ስለ ግማሽ ድምፅ ጥቂት ለመጻፍ ፈቀድን።

ዘፈንን ከሜጀር ወደ ማይነር ማዛወር ከውጭ አገር የመጣ ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ስሙ በእርግጥ የውጭ ነው፤ ነገሩ ግን ከአባቶቻችን ዘንድ የነበረ ነው። እንደሚታወቀው የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ባቲም እንዲሁ በሁለት ዓይነት ይቃኛል።

ታዲያ አባቶቻችን ይህን ለውጥ እንዴት ያደርጉት ነበር? መልሱ በመሣሪያዎቻቸው ላይ ይገኛል። በጓሳ ብርድ ገሳውን ደርቦ ከብት የሚጠብቅ እረኛ የሚነፋው ዋሽንት፣ ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይይዛል፤ ቅኝት ሲለውጥም ዋሽንት ይለውጣል። ክራር መቺ ደግሞ ዜማውን ገታ አድርጎ የሚ እና የላ አውታሮችን ጥቂት ያላላል። ማሲንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስላለው፣ አዝማሪው ጣቱን በጥቂቱ ሸሸት በማድረግ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ማዛወር ይችላል።

ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ይኸውም የሆነው በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ነው። ከዚያ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ወጣቶች ከኢየሩሳሌም መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማሪነት የነሐስ መሣሪያ ቡድን አቋቋሙ። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲከፈት ደግሞ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ዜማዎች ለኦርኬስትራ አቀናበሩ። ሙላቱ አስታጥቄም በውጭ አገር ተምረው ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን ከባለ አሥራ ሁለት ድምፁ ጃዝ ጋር አዋሐዱት። ፒያኖ ሁለቱንም ትዝታዎች በአንድ ገበታ ላይ ስለሚይዝ፣ በእርሱ ለሚጫወት ሰው ዋሽንት መለወጥና አውታር ማላላት ቀረ።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአውሮፓውያን ሙዚቃ ሜጀር ለደስታ፣ ማይነር ለኀዘን ነው ይባላል። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኮል ፖርተር ስለ መለያየት በደረሰው ታዋቂ ዘፈን፣ ግጥሙ ከሜጀር ወደ ማይነር ስለ መዛወር ሲናገር አጃቢው ድምፅም አብሮ ይዛወራል። የእኛ ትዝታ ግን በሜጀርም ሲዘፈን ናፍቆት ነው። ማይነሩ ናፍቆቱን ያጠልቀዋል እንጂ አዲስ አይፈጥረውም። እንግዲህ የውጭውን ስም ስንዋስ ትርጉሙንም አብረን ብንዋስ፣ የራሳችንን ዜማ በሰው ጆሮ የምንሰማ እንሆናለን።

ክቡራን አንባብያን! የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀው ያቆዩት፣ ሣሩ እስኪደርስ ሜዳውን እየዘጉ፣ ሲደርስም በሥርዓት እየከፈሉ ነው። ጠባቂ ባይኖር ኖሮ የቤት ክዳንም፣ ገመድም፣ ገሳም ባልተገኘ ነበር። ቅኝትም እንዲሁ ጠባቂ ይፈልጋል። ኪቦርድ መማር መልካም ነው፤ አንጠላውም። ነገር ግን ሁለቱን አውታሮች ምን ያህል ማላላት እንደሚገባ በጆሮው የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ፣ ክራራችንን ይዘን ከአጠገቡ መቀመጥ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።