ኖኪያ ኢ71 የሥራ ስልክ
ፊንላንድ፣ እ.ኤ.አ. 2008። ብረትና ፕላስቲክ፤ 127 ግራም

ይህ ስልክ ገበያ ሲወጣ በአዲስ አበባ፣ ልደታ ማርያም አካባቢ ቤት የሚጠቆመው በቤተ ክርስቲያኑ፣ በፍርድ ቤቱ ወይም «ከሜክሲኮ ወረድ ብሎ» በሚል ነበር። ብዙም ሳይቆይ አሮጌው ሠፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠራበት፤ ብዙ ምልክትም አብሮ ጠፋ። ኢ71 የሚሰጠው አድራሻ ግን የቁጥር ነው፦ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.7 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ። ቦታውን በጂፒኤስ የሚያሰላው 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ነው። ለዚህ ክፍያ የለበትም። በኔትዎርክ ካልታገዘ ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ጣሪያ ሥርም ይቸገራል።

ከሁሉ የሚደነቀው የቁልፍ ሰሌዳው ነው። እያንዳንዱ የላቲን ፊደል የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ ጎበጥ ያሉ ስለሆኑ አውራ ጣት ዓይን ሳይረዳው ይለያቸዋል። በአንድ ዓመት የሚቀድመው ኢ90 ኮሙኒኬተር ሰፊ ሰሌዳ ቢኖረውም 210 ግራም ይመዝናል፤ ለኪስ ኢ71 ይሻላል።

ለእኛ የሚጎዳው ጉድለት ግን ቁልፎቹ ላይ የግእዝ ፊደል አለመኖሩ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረው የጽሑፍ መልእክት በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲከፈት፣ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚልከው። እንዲህ ያለ ግሩም ሰሌዳ እንኳ ያንን አልለወጠም። ባትሪው 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ጂፒኤሱ ሳያቋርጥ ካልሠራ በቀር መብራት በጠፋበት ቀንም እስከ ማታ ያደርሳል።