ለዓመታት የሚዘልቅ ድባቴ እና የማገገሚያው መንገድ

ድባቴ ከሐዘን የተለየ ሕመም ነው። ሐዘን ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ፣ ቀን ሲገፋ ቀስ በቀስ ይለዝባል፤ ድባቴ ግን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሳይለቅ ይቆያል። የስሜት መጨለም ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት ቢያንስ ለ2 ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሲዘልቅ፣ ከእንቅልፍ መዛባት፣ ከድካምና ራስን ከመውቀስ ጋር ሲጣመር ሕክምና ያስፈልገዋል። ቀለል ብሎ ለ2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ዓይነትም አለ። ይህኛው እንደ ጠባይ ስለሚቆጠር ብዙዎች ሳይታከሙ ይኖራሉ።

ታማሚው «ተከፍቻለሁ» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨጓራ ማቃጠልና ስለ ሰውነት መዛል ነው። የጓሮው እንሰት ሳይኮተኮት መክረሙን፣ ከዕድር መቅረቱን፣ ገበያ መውጣት መተዉን ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «ሰነፈ» ይባልና ይታለፋል።

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ገጠሮች ለድባቴ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደት ነው። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ልጁን ይልካል። መጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቷል። የልጁ ድምፅ የጠፋበት ወላጅ ለቅሶ መቀመጥም፣ ተስፋ ማድረግም ይቸግረዋል፤ ዕዳው ደግሞ አይጠብቅም። እንዲህ ያለው ሐዘን ሁሉ በሽታ ነው ማለት አይደለም። እንቅልፍና ሥራ ለወራት ከተቋረጡ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

የአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ሥራ እንዳሳየው፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሕክምናውን በአቅራቢያ መስጠት ይችላሉ። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋሉ። ባለሙያው በቅድሚያ የደም ማነስንና የእንቅርት ሕመምን የመሳሰሉ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን በሽታዎች ይለያል።

ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን በብዛት የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ለውጣቸው እስኪታይ ከ2 እስከ 6 ሳምንታት ይፈጃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም ለወራት ይቀጥላሉ፤ የሚቆሙትም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ጸሎትና ጸበል ከመድኃኒቱ ጋር አይጣሉም። ጉዳት የሚያመጣው «አንዱን ምረጥ» መባሉ ነው።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚረዳው ደግሞ ትንሽ ሥራ ነው። ስሜት እስኪመለስ ተጠብቆ ሥራ አይጀመርም፤ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። ዛሬ ሁለት እግር እንሰት መኮትኮት፣ ነገ ጎረቤት ዘንድ ቡና መጠጣት በቂ ጅምር ነው። አረቄና ጫት ለጊዜው የሚያቀልሉ ቢመስሉም እንቅልፍን ያዛባሉ፣ ሕመሙንም ያከብዳሉ።

«መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከተሰማ በቀጥታ ስለ ሞት ሐሳቡ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። በገጠር ቤት የፀረ ተባይ ኬሚካል በእጅ የሚገኝ ነውና ተቆልፎበት ወይም ከቤት ወጥቶ ይቀመጥ፤ መድኃኒቱንም ሌላ የቤተሰብ አባል ይያዝ። ታማሚው ብቻውን እንዳይሆን አብሮት የሚቆይ ሰው ተመድቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።