የአዘና ገበሬ የዘር ሐረግ፦ ርስት፣ ጋብቻና በቃል የተያዘ መዝገብ

የእንግሊዝ ገጠር ገበሬ ቅድመ አያቶቹን ልፈልግ ብሎ ሲነሣ ወረቀት አያጣም። የንጉሡ ዋና ሹም ቶማስ ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1538 ባወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ተደርጓል። ከ1837 ጀምሮ ልደትና ሞትን መንግሥት ራሱ መዝግቧል፤ ከ1841 ወዲህ ያለው የሕዝብ ቆጠራም የቤተሰቡን አባላት በስም ይዘረዝራል። የቤተሰብ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ስለሚወርድ አንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ይመራዋል። በጎጃም፣ በአዊ ዞን፣ በአዘና አካባቢ፣ እንዲህ ያለ ተከታታይ መዝገብ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ዘር ቆጣሪ የሆነ ሽማግሌ ወረቀት ሳይነካ አባቶቹን እስከ ሰባት ትውልድ ይጠራል። ይህን ያህል ዕውቀት ያለ ምክንያት አልተጠበቀም።

የመጀመሪያው ምክንያት ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ያለ ዘመድ አይጋባም። ስለዚህ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው በአባትም በእናትም በኩል ይቆጥራሉ፤ የሁለቱ ቆጠራ አንድ ስም ላይ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንዱ ወገን የተናገረውን ሌላው የሚመረምርበት ሸንጎ ነውና።

ሁለተኛውና ይበልጥ ኃይለኛው ምክንያት ርስት ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆቤን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የደጋ ዳሞት ጥናት እንዳሳየው፣ በጎጃም የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መወለዱን በማስረዳት ነበር። ከዚያ በታች ያለው ድርሻ በፈለግ፣ ማለትም በዘር መስመር፣ ይከፈል ነበር። ሐረጉ በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር ጠያቂው ብዙ አባቶችን ማወቅ ነበረበት። በክርክር ጊዜ የሚሰማው ቆጠራ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር፦ እገሌ እገሌን ይወልዳል፣ እገሌ እገሊትን ይወልዳል፣ እገሊት እኔን ትወልዳለች። በዚህ መስመር ላይ አንዲት ሴት ብትዘለል ተከራካሪው መሬቱን ያጣ ነበር። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ግብሩ የመሬት ልኬታን አስከትሎ ርስቱን ያሳጣኛል የሚል ስጋት ነበር።

እንግዲህ የምንሰማውን የዘር ቆጠራ ስንመዝን ለምን ሥራ እንደተያዘ መጠየቅ አለብን። መሬት ያመጣች ሴት አያት ስሟ ጸንቶ ይቀራል፤ መሬት ያላመጣች እህቷ ግን ትረሳለች። ዘር ሳይተካ የሞተ ወንድም ከቆጠራው ይወጣል። በእንግሊዝ የቀብር መዝገብ ውስጥ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ እንኳ ይገኛል፤ በቃል ቆጠራ ግን የሚገኙት ወራሾች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰባት ስም መስማት የቤተሰቡን ታሪክ ሁሉ እንደመስማት አይቆጠርም።

ሌላው ፈተና ዘመን ነው። አንድን ትውልድ በ30 ዓመት ብናሰላው ሰባት ትውልድ 210 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ዘመነ መሳፍንት ላይ ያደርሰናል። አዘና የሚለው ስም ግን ከዚያ ርቆ ይሄዳል። በሰባት ቤት አገው (በአዊ ሕዝብ) ትውፊት አዘና ከላስታ መጡ ከሚባሉት ሰባት ወንድማማች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632 እ.ኤ.አ.) የዘመቱባቸው የጎጃም አገዎች ከዘመነ መሳፍንት በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ሰባተኛ ብሎ በሚጠራው አባትና በአዘና መካከል ማንም የማይቆጥረው ረጅም ክፍተት አለ። እኔ የወንድማማቾቹን ትውፊት የአገርና የወገን ካርታ አድርጌ አነበዋለሁ፤ የአንድን ቤተሰብ ሐረግ ከእርሱ ጋር በቀጥታ ማያያዝ ስሕተት ነው።

በሰባቱ ትውልድ ውስጥ ግን ዘመንን መያዝ ይቻላል። አባትየው ክፉ ቀን ከተባለው ታላቅ ረሃብ (1880–1884 ዓ.ም.) በፊት ነው ወይስ በኋላ የተወለደው? በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ ጎልማሳ ነበር? በራስ ኃይሉ ዘመን ግብር ከፍሏል? በጣሊያን ወረራ ጊዜ የት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ አስተማማኝ መልስ ያመጣሉ። የአንድ ሰው ስምም ከአንድ በላይ ነው፦ ግብር ሰብሳቢ የጻፈው የቤት ስሙን፣ ካህን የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው፤ ስመ ጥር ፈረሰኛ ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራል። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው የቤተሰቡ አዛውንት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ክርክር አበቃ። የዘር ቆጠራም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋና ሥራውን አጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ የማሳዎቹን የቀድሞ ድንበር የበለጠ አደበዘዘው። ዛሬ ገበሬው የያዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና ሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ይዟል። የሴቶችን መብት በጽሑፍ ማጽናቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ደብተሩ የሚጀምረው ከባለይዞታው ነው፤ ከእርሱ በፊት ማሳውን ማን እንዳረሰው አይናገርም።

በርስት ሸንጎ ቆሞ ዘሩን የቆጠረ ሰው በ1967 ዓ.ም. 20 ዓመት ሞልቶት ከሆነ ዛሬ ሰባ አልፎታል። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ የታሪክ መምህራንና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነዚህን አዛውንቶች በአውኚም በአማርኛም፣ በድምፅ መቅጃ፣ ከእናት ወገን ጀምረው ሊጠይቋቸው ይገባል። ከእናት ወገን የምለው በመጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ስለሆነ ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጋር የማሳውን፣ የአጥቢያውንና የመቃብሩን ቦታ ይጻፉ፤ ያንኑ ሐረግም ከሌላ ቤት ሰው ደግመው ይስሙ። የሁለቱ ቤት ቆጠራ የተለያየበትን ስም ሳያርሙ እንዳለ ያስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ የድሮው የመሬት ክርክር ያለው እዚያ ነው።