ኩርማን እንጀራና የሒሳብ ክፍለ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ጥየቃ አዳማ (ለእኔ ዘመን ሰው ናዝሬት) ሄጄ ሳለሁ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የእህቴን ልጅ በሒሳብ እርማት እንዳግዛት ታዘዝኩ። ጥያቄው «ግማሽ ሲደመር አንድ አራተኛ» ይላል። ልጅቱ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ «ሁለት ስድስተኛ» ብላለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ሌላ ቃል የለም። ደብተሩን ዘጋሁና፣ «ግማሽ እንጀራ በልተሽ እናትሽ ኩርማን ብትጨምርልሽ ስንት በላሽ?» አልኳት። «ሦስት ኩርማን» አለች ሳታመነታ። ከዚያም ቆጣ ብላ፣ «እንደሱ አትለኝም ነበር ጋሼ!»

ኩርማን በአማርኛ የእንጀራ ሩብ ነው። በኦሮምኛም «ኩርማና» ሩብ ማለት ነው። ስለዚህ የአዳማ፣ የመቂ ወይም የሻሸመኔ ልጅ አፉን በየትኛውም ቋንቋ ይፍታ፣ አንድ አራተኛን ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በልቶታል። «ተማሪ ተኮር» የሚባለው የማስተማር ዘዴ ከዚህ ይጀምራል፤ ልጁ ከሚያውቀው ተነስቶ፣ መልሱ ላይ እንዴት እንደደረሰ ማናገር ነው።

ስሙ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ለመምህራን በየሥልጠናው ሲሰበክ ኖሯል። በብዙ ቦታ የገባን ግን ወንበር ማዞር ብቻ ነው። ዴስኮቹ ፊት ለፊት ይገጠማሉ፣ ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ፣ «በቡድን ሠርተዋል» ተብሎ ይመዘገባል። በአንድ ወቅት የተስፋፋው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም ከዚህ አላመለጠም። እኔ ይህንን «ጎበዝ ተኮር» እለዋለሁ። በ1992፣ በ1996 እና በ2000 ዓ.ም. በተካሄዱት ብሔራዊ ምዘናዎች የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ የደነገጥነው ዘግይተን ነው።

በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ካራሄርና ባልደረቦቻቸው በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት አለ። በገበያ የሚነግዱ አምስት ልጆች እዚያው ሸቀጣቸው ላይ እንደ ደንበኛ ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ተመሳሳይ ሒሳብ በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ሆኖም መቂ ላይ ለመኪና ተሳፋሪ ቲማቲም ሸጦ መልስ ሲቆጥር ያልተሳሳተን ልጅ ያየ ሰው ብዙ አይገረምም።

ታዲያ በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራል? መምህሩ ደንቡን ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳው ላይ ያሰፍራል። እያንዳንዱ ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ይሞክራል፤ ይህ ካልቀደመ የቡድን ሥራ መገልበጥ ይሆናል። ከዚያ ለጎኑ ያስረዳል፤ ዴስክ ማዞር አያስፈልግም። መምህሩ በየመስመሩ እየዞረ ሁለት ሦስት አሠራሮችን ይመርጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ የተሳሳተ ቢሆን ይመረጣል። ሰሌዳው ላይ ወጥተው ክፍሉ ይከራከርባቸዋል። ደንቡን በመጨረሻ የሚያስቀምጠው ራሱ መምህሩ ነው። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ቆርኪ፣ የሚታጠፍ ወረቀት፣ ጠጠር። ጀሮም ብሩነር በ1966 (እ.ኤ.አ.) እንዳስቀመጠው መጀመሪያ በእጅ የሚነካው፣ ቀጥሎ ሥዕሉ፣ ምልክቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

«ልጁ ራሱ ይፈልስፈው» የሚሉትን ግን አልከተልም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) እንደተከራከሩት፣ ጀማሪን ያለ በቂ ምሪት መልቀቅ ያጎድለዋል። የማባዣ ሰንጠረዥም በቃል መያዝ አለበት። ስድስት ጊዜ ስምንትን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ለክርክሩ ጊዜ አይተርፈውም።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 182 ፍርድ ከነምክንያቱ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ምክንያቱ ያልተጻፈን ፍርድ ይግባኝ ሰሚው የቱ ጋ እንደተሳተ ሊያየው አይችልም። መምህርም የልጁን ምክንያት ካልሰማ ኤክስ ከማድረግ በቀር የሚያርመው የለውም። ችግሩ ጊዜ ነው። ደረጃው የሚፈቅደው 50 ተማሪ በአንድ ክፍል ቢቀመጥ፣ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ነው። ብዙው የከተማ ክፍል ደግሞ ከ50 ያልፋል። ከስድሳ ልጆች የሦስቱን አሠራር መርጦ ለሁሉም ማሳየትን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። አንድ ክብ ስላ ለስድስት ከፈለችው፤ ሁለቱን ቀባች። «ይኼ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልኳት። ትንሽ አየችውና፣ «ጨምሬበት እንዴት አነሰ?» አለች። ደብተሩን ራሷ መልሳ ከፈተችው።